ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት

ካሜራው ሲደርሰኝ ሌንስ አልነበረው፤
የአክስቴ ልጅ ምስክር በፌስታል ጠቅልሎ፣
«አካሉ ደህና ነው፤ ዓይን ነው የሌለው፣
እሱን አንቺ ግዢ» ብሎኝ ሄደ ቸኩሎ።

ስድስት ወር ዕቁብ ጥዬ፣ ዕጣዬ ቢወጣ፣
በሻርፔ ጫፍ ላይ ጥብቅ አርጌ ቋጥሬ፣
ከአቶቴ ፒያሳ በባጃጅ ስመጣ፣
ሁለቴ ዳሰስኩት፣ ወድቆ እንዳይሆን ብሬ።

የሙዘይን ሱቅ ጠባብ ናት፤
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቀራል።
ቻርጀር፣ የስልክ ሽፋን፣ ክንፉ የተሰበረ ድሮን፤
ከሁሉ በላይ፣ በመስታወቱ ውስጥ፣
ክንድ የሚያህል ነጭ ሌንስ
ጋቢ እንደ ለበሰ ሽማግሌ ተኮፍሷል።

«ይሄ» አለ ሙዘይን፣ በሁለት እጁ እያወረደው፣
«አባ ኮዳን ከዛፉ ጫፍ ላይ
ቅማሉ ሳይቀር ያሳይሻል።»

ልቤ ሄደ።
አባ ኮዳ! ያ ራሰ በራ፣ ያ ኮዳ አንጠልጣይ፣
ዓሣ ሲመተር እንደ ገንዘብ ያዥ ቆሞ የሚጠብቅ።
ካሜራ ሳይኖረኝም ላነሳው የምመኘው እሱን ነበር።

ዋጋውን ነገረኝ።
ሻርፔ ውስጥ ያለው ቋጠሮ ሲኮማተር ተሰማኝ።
«ሌላስ?»

«ይሄኛው ጨለማ አይፈራም» አለ ስለ ሃምሳው፣
«ግን ግትር ነው፤ አይቀርብም፣ አይርቅም፤
ወይ አንቺ ትሄጃለሽ፣ ወይ ይቀርብሻል።»

ከዚያ ከመሳቢያው ጥግ፣ ከአሮጌ ባትሪዎች መሃል፣
ሎሚ የምታህል፣ አንገቷን የቀበረች አንዲት አወጣ።
«ይህቺ ከካሜራ ጋር የምትመጣ ምርቃት ናት፤
ሰው ይንቃታል። አካሏ ፕላስቲክ ነው፣ አትጣያት።
ሲመሽ ትደክማለች።
ከአሥራ ስምንት እስከ ሃምሳ አምስት።»

የዕድሜ ነገር መሰለኝ፦
ከምርጫ ካርድ እስከ ጡረታ ዋዜማ፣
ሰው ኖርኩ የሚለው እኮ ይህንኑ ነው።

በሩ ላይ ቆምኩና ቀለበቷን ባዞር፣
መንገዱ ጠቅላላ ገባ ከእሷ ዘንድ፦
ሰማያዊ ባጃጅ፣ ከጀርባው ላይ ታቦር፣
ብስክሌት የሚገፋ ሽማግሌ አንድ።

መልሼ ሳዞራት ያ ሁሉ ሸሸና
ሎተሪ አዟሪዋ ብቻ ቀረች ቀርባ፤
የሻሿ ክር ሳይቀር፣ ሳቋ ሊጀምር ገና፣
በጥርሷ ፍንጭት ላይ ብርሃን ሲገባ።

«ምርቃት ካልካት፣ እንግዲያው መርቀኝ» አልኩት።
ሳቀ፤ ዋጋዋን ዝቅ አደረገ፣
መጥረጊያ ጨርቅም ጨመረበት።

አመሻሽ ላይ አሞራ ገደል ወረድኩ።
አባ ኮዳ ከዛፉ ጫፍ ላይ ነበር፤
በሃምሳ አምስት እንኳ
የተረሳ ጃንጥላ ይመስላል።
አንድ እርምጃ። ሌላ።
ቅርፊት ከነጠላ ጫማዬ ስር ይንኮሻኮሻል።
ወፉ ራሱ ወረደ፣ ከአንድ ዓሣ መታሪ ልጅ አጠገብ፤
እኔም ስጠጋ፣ ስጠጋ፣
ልጁ ቢላውን አቁሞ «እሱን ነው እኔን?» አለ።

ቀለበቷን ወደ አሥራ ስምንት መለስኩ።
«ሁለታችሁንም። ስምህ ማነው?»
«ባራሳ።»
«የእሱስ?»
«እሱ ስም አያስፈልገውም፤ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው።»
ብሎ ወደ ዓሣው ተመለሰ።

ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ልትገባ ነው።
ሌንሷ ብርሃን ለመነች፤
ትንፋሼን ያዝኩ፤
ጠቅ።

ባራሳ አንገቱን አስግጎ አየ፦
ወፉ ጥርት ብሏል፤ ሐይቁም፤
የእሱ እጅ ግን ጭጋግ ሆኗል፣ ቢላው የለም።
«እጄ የታል?»
«ሲመሽ ትደክማለች» አልኩት፣ የሙዘይንን ቃል ተውሼ።

«እኔም» አለና ቢላውን አጠበ።