ለዓይን ያዝ ሲያደርግ

ማዘጋጃ ቤቱ ሲቀጥረኝ ያዘዘኝ አንድ ነገር ነበር፦
«መቼ እንደሚጨልም በየቀኑ ጻፊ፤ ይኸው ባዶ ደብተር።»
ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ይኸው ደብተሩ አሥራ ስድስተኛው፣
እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ግን መልሱን ነው።

በፋሮ ደሴቶች፣ ተራራ ባቀፋት በአንዲት ጠባብ ወደብ፣
ሠላሳ ስምንት የመንገድ መብራት ነው የሥራዬ ገደብ።
ካላንደሩ በታኅሣሥ «ጀንበር ጠላቂ፣ ዘጠኝ ሰዓት» ይላል፤
ያተመው ሰው ሜዳ ላይ ነው፤ ተራራችንን የት ያውቃል?
እኛ ዘንድ ጥላው ሲወርድ ገና ሰባት ሰዓት ነው፤
መጀመሪያ የሱኒቫን የሣር ጣሪያ፣ ቀጥሎ ኳስ ሜዳውን፣
ከዚያ ነፋስ የሚያደርቀውን የበግ ሥጋ ማንጠልጠያውን።
ማዶ ያሉት በጎች በዚያው ሰዓት ወርቅ ለብሰው ይግጣሉ፤
መምሸታችንን አልሰሙም፣ ቢነግሯቸውም ይስቃሉ።

ሱኒቫ ሹራብ እየሠራች፦ «መሸ የምለው
ጥቁሩ ክርና ሰማያዊው ሲምታታብኝ ነው።»
ጀልባ ጠጋኙ ሄይኒ፦ «የባሕሩና የሰማዩ ስፌት ሲጠፋ።»
ልጆቹ፦ «እናታችን በመስኮት ሁለተኛ ጊዜ ስትጣራ።»
ሦስቱም በሰዓት አይገናኙም፤ ሦስቱንም ጻፍኳቸው በተራ።

ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ በምሰሶው ጫፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል
የመስታወት ዓይን አለች፤ ብርሃን ሲያጥራት «አብሩ» የምትል።
በሰኔ፣ ሌሊቱ ራሱ አልጨልም ብሎ በሚያስቸግርበት ወራት፣
በጠራራ ቀትር፣ ቦግ! ሠላሳ ስምንቱም መብራት።
ቀና ብል፣ አንዲት የባሕር ወፍ ዓሣዋን በልታ፣
ዓይኗ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ላባዋን ነፍታ።
ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ሳቀ። ዓይነ ደካማው ያስፐር ግን
አምፖል ከበራ መሸ ነው ብሎ፣ ደጁን ዘጋ፣ አወለቀ ቦቲውን።

ትንሹ ባርዱር እጄን ጎተተና፦
«ኦድቮር፣ እውነተኛውም ማታ ወፍ ተቀምጣበት ነው?»
ልስቅ ብዬ ተውኩት።
ለነገሩ፣ ሲያስቡት፣ ሌላ ምንድን ነው ሌሊት?
ፀሐይ የትም አትሄድ፤ ምድር ናት ይዛን የዞረች፣
በገዛ ገላዋ ዓይናችን ላይ የተቀመጠች፣
ከብዳ፣ ሞቃ፣ ክፋት ሳይኖርባት።

«መቅላቷስ?» አለ። «ስታዘቀዝቅ መንገዱ ይረዝምባታል፤
አየሩን በአግድም ስታቋርጥ ሰማያዊው ይበተናል፣
እንደ እናንተ፣ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ በየሜዳው ይቀራል።
እኛ ደጅ የሚደርሰው ቀዩ ብቻ ነው።»
«ሰማያዊውስ?» ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «የት ይገባል?»
«ሌላ ከተማ ላይ ቀን ሆኖ ይውላል።»

ማዘጋጃ ቤቱ ሚስማር ላከ፣ «ወፍ እንዳትቀመጥ ምቺበት» ብሎ።
ያስፐር ሰማና መጣ፣ መንገዱን በከዘራው ፈልጎ።
«ተዪያት» አለ። «እንደ እኔ ያለው ሰው ቀን ሲረዝምበት፣
አልፎ አልፎ የሚያሳጥርለት ቢያገኝ ምን አለበት?»

በኅዳር፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በመስኮቱ ሥር ሳልፍ
«መሸ?» አለኝ።
ሰማዩን አየሁ፤ ከተራራው ትከሻ ላይ ክር የምታህል ቀይ ተርፋለች።
«ገና ነው» አልኩት።
«ገና ነው» አለ፣ አምኖኝ።
በማግስቱ መስኮቱ ሳይከፈት ዋለ።

የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ሰዓት የለም፤
ቀኑና አንድ የእርሳስ ነጥብ ብቻ።
ሚስማሮቹ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ ስራመድ ይንኳኳሉ።
ወፏም አለች። ዛሬ ከጀንበሯ አንድ ሰዓት ቀድማ አመሸችብን፤
ማንም አቤቱታ አላስገባም።