ከቀኝ የሚጀምር ውል

ዓፉላ፣ ነሐሴ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤
ወንበሩ ያጣብቃል፣ ማራገቢያው የለው ጉልበት።
ርዕሰ መምህሯ ውሉን ገፋችልኝ፣ ብዕር አስከትላ፣
ስልኳ ሲጮኽ ወጣች፣ «ሬጋ፣ ሬጋ» ብላ።

እኔም እንደ ለመድኩት፣ እንደ ሀገሬ መጽሐፍ፣
ከግራ ገለጥኩት፤
ያገኘሁት ጫፉን ነው፣ የስንብቱን ምዕራፍ።
ያወቅሁት ቁጥሩን ብቻ፣ ሠላሳ፤ ሌላው ጭረት፣ ሌላው ነጥብ፣
እንደ ተበተነ ኑግ፣ ዐይን ለቅሞት አፍ የማያነብ።

«ዩቫል!» አለች ተመልሳ፣ ዘበኛውን ከበሩ፤
መጣ ሱፍ እየፈለፈለ፣ ሽጉጥ ከወገቡ፣ ቅርፊት ከከንፈሩ።
ሰውየው አርባ ሊደፍን ነው፤ አማርኛው ግን አምስት ዓመቱ፣
ከአውሮፕላን የወረደ ዕለት ቆመ፣ አልጨመረም ከቁመቱ።

የእሱ ጣት ከቀኝ ተነሥታ፣ የእኔ ዐይን ከግራ ሄዶ፣
እንደ መንገደኛ ተያዩ፣ አንድ ቃል ላይ፣ ማዶ ለማዶ።

«ይኼ ደሞዝ። ይኼ በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት።
ይኼ ደግሞ... ስትታመሚ፣ ወረቀት ከሐኪም ቤት።»
«ሠላሳውስ?»
«እሱ መለያያ ነው፤ ልሂድ ብትዪ፣ ቢሉሽ ሂጂ፣
እንዲሁ አይደለም፤ ሠላሳ ቀን ቀድሞ ይነገራል እንጂ።
ይኼ...» አለና ቆመ፤ በላብ ራሰ ግንባሩ፣
«ፒጹዪም» አለ፤ ደገመ፤ አማርኛው ጠፋ ከነዳሩ።
«ያለ ጥፋትሽ ሲያባርሩሽ፣ የሚሰጡሽ... ለልብሽ»፤
«ካሳ» አልኩት።
«ካሳ!» አለ፣ እንደ ልጅ ፍንድቅ ብሎ፣ «አዎ፣ ካሳሽ!»

ፊርማ ገና አልፈረምኩ፣ መቁጠር አልጀመረ ደሞዜ፣
አንዲት ቃል አስተምሬያለሁ፣ በዱቤ፣ በዚያች ጊዜ።

ታች «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ ባዶ መስመር፣ ባዶ ሣጥን።
እኛ ቤት የአባት እንጂ፣ የቤተሰብ ስም የለን።
«የአባትሽን አስገቢ፤ ሁላችን እንዲያ አደረግን።»
አባቴ ገላጋይ፣ በሰው ጠብ መሀል ሲቆም ያረጀ፣
ዛሬ ዓፉላ ላይ፣ ሳይሰማ፣ ከስሙ ዘር ተበጀ።

እሱ የመሬት ደብተሩን በአውራ ጣቱ ያተመ ነው፣
ቀለሙን ሳምንት ሳያጥበው፣ እየዞረ አሳየው ለሰው።
ጠዋት ከእስቴ ሲደውል፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣
ደሞዜን አልጠየቀኝም፤ አንድ ነገር ብቻ እንደ ድንጋይ አስቀመጠ፤
«ወረቀት ወረቀት ነው፤ ሲቀደድ ለጎረቤት አይሰማም፣
ውል ደግሞ በቀለም አይጸናም።
ዋስ አለሽ ወይ?»
ሳልመልስ ተቋረጠ።

ውሉን አገላብጬ አየሁ፤ የዋስ መስመር የለውም፤
የቀጣሪ፣ የተቀጣሪ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው አይቆምም።
ፈረምኩ። በራሴ ፊደል፣ ከግራ ተነሥቼ፣
ከርዕሰ መምህሯ ስም ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጭቼ።

ከደጅ መኪና ይጮኻል፤ ዩቫል ሊከፍት ተነሣ፣
ሱፍ ዘግኖ ሰጠኝና፣ ከበሩ ዞረ፣ የሆነ ነገር እንደ ረሳ።
«ልጄ አንቺ ክፍል ናት፤ ከእናቴ ጋር ቋንቋ የላቸውም፣
መሀል የምቆም እኔ ነኝ፤ እኔም ይኸው፣ ካሳን አላውቅም።
አንድ ነገር ከቸገረሽ፣ እዚህ በር ላይ ነኝ፤ ጥሪኝ።
ዩቫል አይደለም፤ በቤት ስሜ»፤
ብሎ ስሙን ሹክ አለኝ።

ማታ ስልኩ ጮኸ፤
አባቴ ካቆመበት ቀጠለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፤
«ዋስ አለሽ ወይ?»
«አለልኝ።»