ሦስት መቶ ሃምሳ

ዓርብ ረፋድ፣ ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ማጠቢያው ውሃ እንዳቆረ ቀጥ አለ፣ ሳይጨምቅ።
በክቡ መስታወት ውስጥ የልጄ ዩኒፎርም
አንድ እጁን አንሥቶ ቀርቷል፣ እንደሚሰምጥ ሰው፣ ዝም።

ሰንበት ሊገባ ስድስት ሰዓት ቀርቷል፤
ኤላድ ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ወድቋል።
ባለሙያው ጋ ደወልኩ፤ «ለመምጣት ብቻ ሦስት መቶ ሃምሳ ሼቄል፣
እሱም ማክሰኞ» አለኝ። ዘጋሁት፣ ሳልጨምር ቃል።

ሶኬቱን ነቀልኩ። ከግርጌው በስተቀኝ ትንሽ መዝጊያ አለችው፤
ትሪ ደቅኜ ጥቂት ጥቂት አላላኋት፣ ውሃው
ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ዘረገፈው፦
ግማሽ ሼቄል፣ የፀጉር ሽቦ፣
የሱፍ ቅርፊት፣ ከበረሃው አሸዋ ጋር ተለውሶ ተደራርቦ፤
ከሁሉ ኋላ መርፌ ቁልፍ፣ የመዘውሩን አንገት አንቃ።

አባቴ ወገራ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤
ማረሻ ሲያሠሩት «ጌታው»፣ «ቡዳ» ደግሞ ጀርባውን ሲያዞር።
ጣቶቹን እኔ ጋ ረስቷቸው ሄዷል መሰለኝ፣
መርፌዋን ፈልቅቀው አወጧት፣ ሳያደሙኝ።

ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ። አስነጠሰ፣ አጓራ፣ ዞረ፤
ያ የተሰቀለ እጅ ወርዶ ከሱሪው ጋር ተቃቅፎ ተሽከረከረ።

ወዲያው ሉባ ከታች ወጣች፤
«የኔው ደግሞ ውሃ ለማሞቅ ዓመት ይፈጅበታል» አለች።
«ኖራ ነው። የሎሚ ጨው ጨምሪና ያለ ልብስ፣ በትኩሱ ይዙር» አልኳት።
«ወርደሽ ብታዪልኝስ፣ ስንት ልክፈልሽ?»
«ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ለመውረድ ብቻ» ብዬ ሳቅሁባት።

ኤላድ በሳቃችን ገልበጥ አለ እንጂ አልነቃም፤
ካልሲዎቹን ቀስ ብዬ፣ ለቀጣዩ ዙር፣ ከእግሩ ሰረቅኋቸው።