ወጥመድ ቁጥር አርባ ሦስት

ፀሐይ በጥብርያዶስ ጣሪያዎች ላይ ስትወርድ
አምፖል አንጠለጥላለሁ በሽቦ ገመድ፤
ከሥሩ ማራገቢያ፣ ከማራገቢያው ሥር መረብ፣
የማትታየውን እንግዳ ለመሰብሰብ።

ከሰሊጥ አትበልጥም። ድምፅ የላትም፤
እንደ ትንኝ ጆሮ ሥር አታንጎራጉርም።
ክንፎቿን ሽቅብ ገትራ፣ ግድግዳ ለግድግዳ
ትዘላለች እንደ ሌባ፣ እንደ ባዳ።

ወጥመድ ቁጥር አርባ ሦስት
ከድንጋዩ ክምር አፍ ላይ ናት።
ሰፈሩ ሲቆረቆር ቡልዶዘር ቋጥኝ ከመረ፣
«ነገ ይነሳል» ተባለ፤ እንደተከመረ ቀረ።
ሽኮኮ ወሬ ደርሶት ከነቤተሰቡ መጣ፣
ያለ ውል፣ ያለ ኪራይ፣ ያለ ዕጣ።

ማታ ከአፍንጫው ጫፍ ደሙን ትቀምሳለች፣
ከዚያ በመስኮት ገብታ ከሰው ትደርሳለች።
ሊታል ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቁስል፣
አያማት፣ አይሽርላት፣ ዳሩ ቀይ፣ መሀሉ ከሰል።

ዶክተር ያርዴና ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ትለጥፋለች፣
«መርዙን ተዉት፣ ድንጋዩን አንሱ» ብላ ትጽፋለች።
ማዘጋጃ ቤት ለመሬት አስተዳደር፣ እሱም መልሶ ለማዘጋጃ ቤት፤
ደብዳቤው ሲመላለስ ነጥቡ ሆነ ሠላሳ ስምንት።

እኔም ነጥብ አለኝ፣ ከግራ ዓይኔ በታች፤
ካርታዋ እዚያ ድረስ አልተዘረጋች።
ወገራ፣ ገደል ሥር፣ ሰባት ዓመቴ ነበር፤
«የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው» አሉ፣ በጋለ ማጭድ ተኮሱኝ፤
ስሙን ግን ያውቁት ነበር፦ ቁንጭር።
እዚህ ስንገባ ጸሐፊው «የእሳት ጠባሳ» ብሎ መዘገበኝ፣
አላረምኩትም፤ ቋንቋው መች ፈቀደልኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ
የአንዷን ሆድ በመርፌ ከፈትኩ፤
ጭራውን ሲያወናጭፍ አየሁት። እሱን አይደለም፣
የአጎቱን ልጅ ነው ያገኘሁት።

ሊታል ጠባሳዬን ዳሰሰች። «ያምሻል?» «አሁን አያምም።»
«ይለቃል?» ልዋሻት አልኩና «ይደበዝዛል እንጂ አይለቅም።»

በጥር ድንጋዩ ተነሳ፤ ሰባት ቀን፣ አርባ መኪና።
ሰኔ ላይ ስቆጥር፣ በዚያችው መረብ
አምና ስልሳ ሁለት የነበሩት
አራት።
ዶክተሯ ካርታዋን አጠፈች። እኔ አላጠፍኩም።

ትናንት ማታ ማዶ፣ አዲስ ሕንጻ ከሚቆምበት፣
ሽኮኮ አየሁ፤ በትኩሱ ክምር ላይ ተቀምጧል እንደ ባለቤት።
ምን ይበደላል? ቤቱን የሠራንለት እኛው።
ተያየን።
ከዚያ ቁጥር ስልሳ አንድን ሰቀልኩ፣
አምፖሏን አበራሁ።