የካፖርቱ ቀለም

ፎቶው ላይ ቀለም የለም፤
የፖሊስ ፎቶ ነው፣ ከጥቁርና ከነጭ ሌላ አያውቅም።
«ቀይ» ያልሁት እኔ ነኝ፤
በረዶው ላይ ያምራል ብዬ፣ አንባቢ እንዳያንቀላፋ፣
በቡፋሎ ጥር ላይ አንድ ብልቃጥ ቀይ ልደፋ።

ነገሩን ከተማው ያውቀዋል፦
ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ፣ ፊልሞር ጎዳና፣
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ አምፖሉ የተሰበረ ማዕዘን፣ የዳቦ ቤቱ ጎን።
በማግስቱ ጋዜጦቹ እንደ ሕፃን ክርስትና አነሱት፣
«የሐይቁ ሰው» አሉት።
ሳይያዝ ስሙ አደገ።

እኔም ዘግይቼ ደረስሁ። አሥራ አንድ ምዕራፍ ጻፍሁ፤
አሥሩን ለእሱ አወረስሁ፤
እናቱን፣ ውሻውን፣ የጫማውን ቁጥር፣
በፖም ኬክ ላይ ቀረፋ ሲበዛ እንዴት እንደሚያማርር፣
በዘጠኝ ዓመቱ የሰበረውን የቤተ ክርስቲያን መስኮት
እስከ ፍንጣሪው ቆጠርሁለት።

ለሃሊና ቭሮና ገጽ ተኩል ሰጠኋት፤
በእሱም ላይ፣ ገና ከመግባቷ፣ ገደልኋት።

አፌን በፈታሁበት ቋንቋ «ገዳይ» ሙገሳ ነው፤
አንበሳ ለጣለ፣ ዝሆን ለጣለ፣ የሚዘፈን ስም ነው።
ይህ ምን ጣለ?
ከማታ ፈረቃ የምትመለስ ስልክ አገናኝ፣
እግሯ ከጫማዋ ጋር የተጣላ፣
ቦርሳዋ ውስጥ ግማሽ ሳንድዊች ያስተረፈች፣
የአውቶቡሱን ሳንቲም በጓንቷ ውስጥ የጨበጠች።
እኔ ግን ብዕሬን ሰብቄ እንደ ጦር
ፎከርሁለት በየገጹ፣ ዘራፍ አልሁለት በየመስመር።
በገንዘብ የተጠራች አልቃሽ እንኳ
የሟችን ስም ጠይቃ ነው ድንኳን የምትገባ፤
እኔ የገዳዩን ጠይቄ ገባሁ።

አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስፈርም ዋልሁ።
አርባኛዋ ወይ አርባ አንደኛዋ አሮጊት ናት፤
ስሟን ብጠይቃት
«ቼስዋቫ» አለች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ብድር እንደምትቆጥር።
ፊርማ አልፈለገችም። ብዕሬን ከእጄ ወሰደች፣
ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ገለጠች፣
«ቀይ» የሚለውን ሰረዘች።
«አረንጓዴ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት።
ጥቁር ቁልፍ አራት ብቻ ነበረኝ፣ አምስተኛውን ቡኒ ተከልሁበት።
ገና ሳይደርስ ቀይሪልኝ ትለኝ ነበር፤
ነገ እያልሁ፣ ነገ እያልሁ፣ ጥር ገባ ሳይቀየር።»

ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።
የብዕሩን ክዳን ገጥማ መለሰችልኝ፤
ጣቷ ላይ የተጋባውን አየችና
«ቀለምህ ይለቃል» አለችኝ።

አሳታሚዬ ዘንድ ደወልሁ።
«ሽፋኑ ቀይ ነው» አለ፣ «አራተኛው እትም ማሽን ላይ ወጥቷል፤
ደግሞስ በአረንጓዴ ካፖርት ማን ይደነግጣል?»

እሑድ ወደ ማዕዘኑ ሄድሁ።
ዳቦ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤
ከኢሪ ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ብቻ አድራሻ አልለወጠም።
አስጎብኚ አውቶቡስ ቆሟል፤
ሃያ አምስት ዶላር፣ ትኩስ ቸኮላት ጭምር።
ልጁ በድምፅ ማጉያ «ቀይ ካፖርት ለብሳ…» ይላል፣
የእግረኛውን መንገድ በጣቱ ያሳያል፣
ስልኮች ይነሳሉ።

«አረንጓዴ ነበር» አልሁ። ነፋሱ ወሰደው።
ደገምሁት፦ «አረንጓዴ። አንዱ ቁልፍ ቡኒ።»

ዞር ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም፣
የጃጀ ሰው በሚታይበት ትሕትና አየኝና
«ጌታዬ» አለኝ፣ «መጽሐፉን ያንብቡ።»