ተጠሪ፦ የለም

የጦሳ ጉም ወርዶ የፍርድ ቤቱን አጥር ውጦታል፤
ማመልከቻ ጸሐፊው ጣቱን እፍ እያለ ከሸራው ሥር ቁጭ ብሏል።
የጋብቻ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ሁሉም በሁለት ኮፒ፣ አራት ጉርድ ፎቶ፣
በፌስታል ጠቅልዬ ከሹራቤ ሥር ይዤዋለሁ፣ እንዳይበላሽ ዝናብ ነክቶ።
ሙሄ ጃንጥላ ይዟል። ያለን አንድ ነው።
ከሳላይሽ እስከዚህ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካው
ሁለት ጊዜ "ይቅርታ" ተባባልን፣
እንደ ባጃጅ ተሳፋሪ፣ እንደማንተዋወቅ ሆነን።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ምክንያት ሳጠና ከረምኩ፣
ዳኛዋ "ለምን?" ብትለኝ ምን እላለሁ እያልኩ፤
ሌሊት ቆርቆሮው ሲንኳኳ
አንዱን አንስቼ አንዱን ስተካ።
አልመታኝ። አልሰከረ። ሌላ ቤት አላደረ።
ደመወዙን አልደበቀ፣ በእናቴ ላይ ክፉ አልተናገረ።
"ዝም ይላል" ልበል? እኔስ መቼ ተናገርኩ?
"አይስቅም" ልበል? እኔስ መቼ አሳቅኩ?
"ያው ሃይማኖት ነው" ይላሉ ጎረቤቶች፣ ቢላችን ሁለት ነውና።
ሐሰት። እኔ ለአፍጥሩ ሾርባ ስሠራ፣
እሱ ለሁዳዴዬ ሱፍ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ሲሰለፍ
ሃያ ሁለት ዓመት አለፈን፣ ደኅና።

ታዲያ ምንድን ነው? እኔ እንጃ።
ቦርከናን በበጋ አይታችኋል?
ድንጋዩ አለ፣ መሄጃው አለ፣ ድልድዩም እንዳለ፤
ውሃውን ወሰደ የሚሉት ሰው ግን የለ።

"ምክንያቱን ተዪው" አለኝ ጸሐፊው፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል፣
"በስምምነት ከሆነ ሕጉ 'ማን አጠፋ' አይል።"
ሦስት ሳምንት የተሸከምኩት እጄ ላይ ቀረ፤
ጤፏን ጭና ስትደርስ ሰኞ ገበያ እንደተበተነባት ሴት
ማራገፊያው ቸገረ።

"ንብረት?" አለ። ማታ በልጃችን አሮጌ ደብተር ጽፈነው ነበር፣
ከሒሳብ የቤት ሥራዋ ጀርባ፣ በቀይ እስክሪብቶ "ጎበዝ" ከሚለው ጋር፦
ፍሪጁ ለእሱ፣ ሲንጀሩ ለእኔ፣
ሮቶው ከቤቱ ጋር፣ የዕቁቡ ብር ለሁለት።
የጓሮው ኮክ ዘንድሮ ገና ማፍራቱ ነው፤
"እሱ ይቆይ" አለ ሙሄ።
"ይቆይ የሚባል ንብረት የለም" አለ ሰውየው።

ያስቸገረን እድሩ ነው። መዝገቡ በእሱ ስም፤
እናቴ ሰማንያ ልትደፍን ነው፣ እንግዲህ ቀን አይታወቅም።
"ድንኳኑን ማን ይተክላል?" አልኩ።
"እኔ ነኛ" አለ፣ ጉሙን እያየ፣ ቀስ ብሎ።
"ይሄ አይጻፍም" አለ ጸሐፊው፣ ጣቱን ከፊደሎቹ ላይ ነቅሎ።

ባለፈው እሑድ ሀያት ከወልድያ ደውላ
"ማነው ያጠፋው?" አለች፣ ሰላምታውን ዘላ።
ስልኩን ለአባቷ ሰጠሁት።
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጠረገና "ካርድ ልሙላልሽ?" አላት።

አሁን ይነበብልናል፣ እንደ መናኸሪያ ረዳት እየጮኸ፦
"አንደኛ አመልካች፣ ወይዘሮ ዘርፌ አስረስ፤
ሁለተኛ አመልካች፣ አቶ ሙሄ ይማም፤
ተጠሪ፦ የለም።"

የለም።
በየጓዳው፣ በየትራሱ ሥር፣ በሰው ወሬ ውስጥ የፈለግነው፣
አንዴ የእኔን፣ አንዴ የእሱን መልክ ያለበስነው ሰው
ለካ የለም። እኔና እሱ በአንድ ወገን፣ ከላይና ከታች፣
ከሳሽ እንኳ አይደለንም፤ አመልካች።

ፈረምን።
"አስቡበት ብለው ወራት ይሰጧችኋል" አለና
"ሦስት መቶ ብር" ብሎ እጁን ዘረጋ።
ሁለታችንም እኩል ኪሳችን ገባን።

ዝናቡ ቆሟል። እኔ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ፒያሳ፤
አሥር እርምጃ ሳንሄድ ከሸራው ሥር ድምፅ ተነሣ፦
"ጃንጥላችሁን!"

ሁለታችንም ዞርን።