የተረፈች ብሎን

ወንጂ፣ ካንድ ግቢ፣ ከሸንኮራው ማዶ፣
ጎማዋ ተኝቶ፣ ላሜራዋ ጎድጉዶ፣
ፊያት ሚሌ ቼንቶ፣ ዶሮ ያደረባት፤
እቁብ በወጣልኝ ብር፣ ሳልከራከር ገዛኋት።
ከኋላ ወንበሯ ላይ አንዲት ዶሮ ታቅፋ
አልወርድም አለችኝ፣ ላባዋን ነፍታ፣ አኩርፋ።

በአይሱዙ ተጭና ፍራንኮ ስትደርስ፣
ባጃጆቹ ቆሙ፦ «ምነው፣ ለቅሶ ልትደርስ
ነው ወይስ ልትቀበር?»
እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌላ ምን እል ነበር?

ገንዘብ ቆጣሪ ነኝ። ስለ ሞተር የማውቀው
ቁልፍ ሲዞር መጮኹን፣
ሳይጮኽ ሲቀር ደግሞ
ወንድሜን መጥሪያ ሰዓት መሆኑን።

መጀመሪያ የሄድኩት ኮምፒውተር ካለው ጋራዥ ነው።
ልጁ ገመድ ይዞ ከመሪው ሥር ገባ፣
ዳሰሰ፣ ዳሰሰ፣ «መሰኪያዋ የታለ?»
መሰኪያ የላትም።
«ታዲያ ሕመሟን በምን ትነግረኛለች?» አለ።

የጠቆመኝ ጎሚስታው ሸምሱ ነው በኋላ፦
«ከላሜራ ቤቱ ጀርባ፣ ከግራሩ ጥላ፣
ኦቦ ቱፋን ጠይቂ። ግን ጮክ ብለሽ ጠይቂ።
ከመለሱልሽ ደግሞ፣ ሁለተኛ አትጠይቂ።»

ሄድኩ። ጮኽኩ። «እጅሽን» አሉኝ።
ገልብጠው አዩና «የወረቀት እጅ ነው» አሉኝ።
አንድ ቆርቆሮ የዛገ ብሎን፣ አንድ ጣሳ ላምባ፣
ጸጉሩ የተመለጠ የጥርስ ብሩሽ።
ሦስት እሑድ ሙሉ ብሎን አጠብኩ፤
ሰኞ ብር ስቆጥር ላምባ ላምባ ሸተትኩ፤
ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ቤትሽ መብራት የለም?» አለኝ።
የኦቦ ቱፋ አውራ ጣት ብሎኗን ዳሰሰ፣
«ጥርሷ ገና ነው» አሉ፣
ብሎኗ ወደ ጣሳው፣ ጣሳው ወደ እኔ ተመለሰ።

ካርቡራቶር ፍለጋ እትዬ ዙሪያሽ ዘንድ ገባሁ፣
ከኮንቴይነር ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ።
ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «የማን ናት?» አሉ፣
ቀለሟን፣ የበሯን እጀታ ጠየቁ፣ ዝም አሉ።
«አወቅኳት። የሐኪሙ ናት፣ የወንጂው።
የመጀመሪያ ልጄ ምጥ በሌሊት ሲመጣ
እሷ ናት ያደረሰችኝ።
ፍሬን ስትይዢ ወደ ግራ ትስባለች፤ አደራ።»
የካርቡራቶሩን ሒሳብ አምስት ሳንቲም አልቀነሱም።
ጓርኒሲዮኑን ግን ከካርቶን ላይ በመቀስ ቆርጠው፣
ልክ እንደ ልጅ ጥፍር ተጠንቅቀው፣
በነጻ ሰጡኝ።

የኦቦ ቱፋ ጆሮ ከሄደ ቆይቷል።
የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፣
እጀታውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ።
«ሦስተኛው ይንተባተባል» አሉ፣ ካቻቢቴውን ካፋቸው አውጥተው።
ካንዴላውን ፈታሁ፤ ጠቁሯል፣ ጥላሸት ጠጥቶ።
እኔንም አስነከሱኝ። ድምፁ በጥርሴ ገባ፤
አራት ሰው በር ሲያንኳኳ፣
አንዱ እጁን አንሥቶ ሲያመነታ።

ጥቅምት ላይ፣ ንፋሱ አቧራውን ሲያነሣ፣
ተንፈራፍራ፣ አስላ፣ ሞተሯ ተነሣ።
ኦቦ ቱፋ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን ይታጠባሉ።
አልሰሙም።
ሮጬ፣ ከነሳሙናው፣ እጃቸውን ኮፋኖው ላይ አኖርኩት።
ቆሙ። ቆዩ። አረፋው እየወረደ፣ ቆዩ።
«ቤንዚን በዝቶባታል» አሉ።

ሁሉን ገጥመን ስናበቃ፣ ከጣሳው ሥር
አንዲት ብሎን ተረፈች።
«ይቺስ የት ናት?» ብዬ ጮኽኩ።
ያውቃሉ፤ ከዓይናቸው አየሁ።
«እሷን አንቺው ፈልጊ።»

ሶደሬ ሁለቴ ደርሼ መጣሁ፣ ያለሷ።
አልወለቀም ምንም፣ እስካሁን።
ባንክ ቤት፣ ከመስኮቱ ኋላ፣ ሰልፉ ሲረዝም፣
ኪሴ ገብቼ ጥርሷን በአውራ ጣቴ እቆጥራለሁ።
ፍሬኑ ደግሞ፣ እውነታቸውን ነው እትዬ፣
ወደ ግራ ይስባል።